በእኔ ዓይን የተመሰከረለት ጩቤ

ካርቱም፣ ሪያድ ሠፈር የተቀጠርኩት ልብስ ላጥብና ቤት ላጸዳ ነበር። ደቡብ ሱዳን ከሰሜኑ በተለየ በማግሥቱ ዓመት ነው፤ መተማን ተሻግሬ ካርቱም ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። አሠሪዬ ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው። ሱዳኖች መኮንን ሲያከብሩ «ጀናቡ» ይሉታል፤ እኔም ሠፈሩ እንደሚጠራቸው ጀናቡ እላቸው ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም አግብታ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ትኖራለች፤ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። በቀሩት ቀናት በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን።

ጀናቡ ዘመናቸውን የጨረሱት በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነው። ጡረታ ሲወጡ ዕውቀታቸው አብሯቸው ወጣ። በአባቶቻቸው ጊዜ ብዙ የሱዳን ወታደሮች ከእንግሊዝ ጋር ሆነው በከረን በኩል ጣልያንን ወግተዋል፤ ሲመለሱም የማረኩትን ጩቤ በወገባቸው ታጥቀው ነበር። እነዚያ ጩቤዎች ከሰባ ዓመት በኋላ ፈላጊ አገኙ። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ አስመሳይ ይበዛል። እውነተኛው የመኮንን ጩቤ ጥቂት ነው፤ የተራ ወታደር ሳንጃ ግን በየቤቱ አለ። አንጥረኛው ሳንጃውን ያሳጥረዋል፤ በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ የሚጠልቀውን ቀለበት ቆርጦ ይሞርደዋል፤ ስለቱን በሁለት ወገን ያወጣዋል፤ በጨውና በሎሚ ያዝገዋል። ሳንጃ የነበረው ጩቤ ሆኖ ገበያ ይወጣል።

ስለዚህ የኦምዱርማን ገበያ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች፣ የአያቱን ንብረት በጨርቅ የጠቀለለ ሰው፣ አንዳንዴም ፈረንጅ፣ ወደ ጀናቡ በረንዳ ይመጡ ነበር። እሳቸው አገላብጠው አይተው «አስሊ» ካሉ ዕቃው እንደተሠራ ያለ ነው። «መድሩብ» ካሉ የሰው እጅ ገብቶበታል። ለዚህ ቃላቸው ከማንም ምንም አይቀበሉም። እንግዳው ሻይ ጠጥቶ አመስግኖ ይሄዳል። ገበያው ውስጥ «ጀናቡ ብሏል» ከተባለ ግን ክርክር የለም።

እኔ ስቀጠር ስኳር ሕመም ጣቶቻቸውን አደንዝዞ ጨርሶ ወደ ዓይናቸው እየሄደ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ዕቃውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው፣ ወደ ብርሃን ዞረው፣ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ ሰው ግን የሚመራመሩ ይመስለዋል። አንድ ቀን በረንዳውን እየወለወልኩ ሳለ ሁለት ሰዎች አንድ ጩቤ አመጡ። ጀናቡ ሲያገላብጡት አንደኛው ለሌላኛው ጠቀሰው። ጥቅሻውን አየሁት። ዓረብኛዬ ገና ስብርብር ያለ ነበር፤ ቢሆንም አፌ አላስቻለኝም።

«ጀናቡ፣ ዝገቱ ሁለት ዓይነት ነው» አልኩ። «ላዩ ጥቁር፣ ሥሩ ብርቱካን።»

ሰዎቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጀናቡ ወደ ድምፄ ዞሩና «የት ላይ?» አሉኝ። መጥረጊያዬን አስደግፌ ሄጄ አሳየኋቸው። ማለትም ጣታቸውን ይዤ ቦታው ላይ አሳረፍኩት። ያኔ ነው የጣታቸውን ድንዛዜም የዓይናቸውንም ነገር ያወቅሁት።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጠሩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ትቀመጫለሽ» አሉ ከአጠገባቸው ያለውን ወንበር እየመቱ። «የምታዪውን ትነግሪኛለሽ። የምታስቢውን ግን አትነግሪኝም። ማሰቡ የእኔ ሥራ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። ሳሎኑ ውስጥ የመስተዋት ቁም ሣጥን ነበራቸው፤ የራሳቸው ጩቤዎች እዚያ ተደርድረዋል። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አንድ አንዱን እያስወጡኝ ያስተምሩኝ ነበር። መጀመሪያ የስለቱን ጫፍ፤ ቀጥሎ በመሃሉ የሚወርደውን ቦይ፤ ቦዩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ በራሱ ያልቃል ወይስ ድንገት ተቆርጧል? ተቆርጦ ከሆነ ስለቱ አጥሯል ማለት ነው። ከዚያ በስለቱና በእጀታው መካከል ያለው መስቀለኛ ብረት፤ ከዚያ እጀታው፤ ከዚያ የእጀታው ራስ። መጨረሻ ላይ አፎቱ። አፎቱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ጩቤ በጎኑ ላይ ረጃጅም ጭረት ይኖረዋል፤ ከሌላ የተዋሰው አፎት ግን ጭረቱ አይገጥምለትም። ሳንጃ በእጀታው ራስ ላይ ከጠመንጃው ጋር የሚያያዝበት ስንጥቅ አለው፤ አታላዩ ስንጥቁን በቀለጠ እርሳስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል። ብረት ጥፍር አይቀበልም፤ እርሳስ ግን ይቀበላል።

እኔ ነግሬ ስጨርስ ጩቤውን ተቀብለው ወደ ታችኛው ከንፈራቸው ያስጠጉት ነበር። ጣታቸው የማይነግራቸውን ከንፈራቸው ይነግራቸዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄ አመለጠኝ። «ከንፈሬ ገና ጡረታ አልወጣም» አሉና እሳቸውም ሳቁ።

ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ሌላውንም በእኔ ያዩ ጀመር። ዛሬ ሰማዩ ምን ይመስላል? ሐቡቡ፣ የአሸዋው ማዕበል፣ ከየት በኩል እየመጣ ነው? በበሩ ያለፈው ማነው? ሳህኑ ላይ ፉሉ የት፣ ሽንኩርቱ የት ነው? እኔ እየነገርኳቸው ይበላሉ። በሦስተኛው ዓመት ጩቤውን ወደ ከንፈራቸው ማስጠጋት ተዉ። እኔ ያየሁትን ብቻ ሰምተው ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ እንግዳው ግን እኔን እየፈተኑ የሚያስተምሩ ይመስለዋል። መተዋቸውን ልብ ብዬ ነበር። ኮራሁበትም።

ስለ እትዬ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው።

እትዬ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ካርቱም ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። እኔ ስገባ ማንንም አላውቅም ነበር። ዴም ሠፈር ውስጥ የተከራዩት አንድ ክፍል ነበራቸው፤ ከወለሉ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ወባ ጥሎኝ አሥራ አንድ ቀን ሳልነሣ ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። የወለዱኝ ያህል ነው የማያቸው፤ እሳቸውም ልጅ አልነበራቸውም። ባላቸው ሱዳናዊ የገዳሪፍ መስመር ሹፌር ነበር፤ ከሞተ በኋላ የዴም ኪራይ ከበዳቸውና ከከተማው ዳር ወዳለው ማዮ ሠፈር ወረዱ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከሴቶቹ ፈንጠር ብለን ተቀመጥን። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«ጡቴ ላይ የወጣው ነገር ክፉ ነው አሉኝ። ዘግይተሻል አሉኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ።

«አታልቅሺ። ሞት አይቀርም። እዚህ ግን አልሞትም። እህቴ ቤት ገብቼ፣ በቋንቋዬ ፍትሐት ተደርጎልኝ ነው የምቀበረው። መንገዱ ብቻ ነው የጎደለኝ።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሟቹ ባሌ የተወልኝ ነገር አለ» አሉ። «አባቱ ከጣልያን የማረከው ጩቤ ነው። ‹የከፋሽ ቀን ይሄ ይቆምልሻል› ይለኝ ነበር። ያንቺ ሰውዬ ያውቃሉ አይደል?»

ያውቃሉ አልኳቸው። ደስ አለኝ። ሳላየው ነው ደስ ያለኝ። በዚያው ሰሞን ኦምዱርማን ሱቅ ያለው አንድ ወጣት ነጋዴ፣ ሱቁን ከአባቱ የወረሰ፣ ለደንበኛው እንዲህ ያለ ጩቤ እየፈለገ ጀናቡን ሁለቴ ጠይቋቸው ነበር። ራሱ ስለ ጦር መሣሪያ ብዙ አያውቅም፤ የሚገዛው በጀናቡ ቃል ነው። ለሁለቱም አንድ ቀን ቀጠርኩላቸው። የእትዬን ሕመም ግን ለጀናቡ አልነገርኳቸውም። አንዲት የአገሬ ልጅ ዕቃ ይዛ ትመጣለች አልኩ፤ ትምጣ አሉ።

እትዬ ከማዮ እስከ ሪያድ በሁለት የሐፍላ አውቶቡስና በአንድ ባለሦስት እግር ሪክሻ መጡ። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ሰማያዊ ቶብ ለብሰዋል፤ ፊታቸው ከእሑዱ የባሰ ከስቷል። ነጋዴው ቀድሞ ደርሶ ሻይ ይጠጣ ነበር። እትዬ ጥቅሉን ከቶባቸው ሥር አውጥተው፣ ሦስት ጨርቅ ፈትተው፣ ጩቤውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ሃያ ዓመት ሲወለውሉት ኖረዋል።

ከአፎቱ ሳወጣው አወቅሁ።

ቦዩ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ድንገት ተቆርጧል። መስቀለኛው ብረት በአንድ ወገን ክንፉ ሙሉ ነው፤ በሌላው ወገን ቀለበቱ የነበረበት ቦታ በሞረድ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። የእጀታውን ራስ ዞር አድርጌ አየሁት። በመሃሉ ከብረቱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ መስመር አለ። አውራ ጣቴን አሳርፌ በጥፍሬ ጫን አልኩት። ጥፍሬ ምልክት ተወ።

ቀና ስል እትዬ እያዩኝ ነው። ጩቤውን አይደለም የሚያዩት፤ እኔን ነው።

«ያላ፣ ቢቲ፣ ጀምሪ» አሉ ጀናቡ። ቢቲ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እንዲህ ይሉኝ ነበር። «ቦዩ?»

«እየቀጠነ ሄዶ ያልቃል» አልኩ።

«መስቀሉ? ሁለቱም ክንፍ እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«ዝገት?»

«የለውም። ተወልውሎ የኖረ ነው።» ይሄኛው እውነት ነበር።

«የእጀታው ራስ?»

አውራ ጣቴ አሁንም እርሳሱ ላይ ነበር። «ንጹሕ ነው» አልኩ።

እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ላይ አስተኝተው ሚዛኑን ሞከሩ። ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ወደ ኋላ ይከብዳል» አሉ።

«የእጀታው እንጨት ወፍራም ነው፤ ለዚህ ይሆናል» አልኳቸው።

በአራት ዓመት ውስጥ ያሰብኩትን የነገርኳቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈራቸውን አልነኩትም። ጩቤውን ወደ ነጋዴው አቅጣጫ ዘረጉና «አስሊ» አሉ።

ነጋዴው በዚያው ገዛ። እትዬ ተነሥተው የጀናቡን ትከሻ ሊስሙ ሲሉ ጀናቡ አፍረው «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ፣ ምን አደረግሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩ» አሉ። እኔ የሻዩን ብርጭቆ ሰብስቤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

እትዬ በሳምንቱ ሄዱ። አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋቸው። መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳለሁ ጎንበስ ብለው «አየሽ» አሉኝ፤ «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ያ ሱዳን አታለለሽ ሲለኝ ነው የኖርኩት። አላታለለኝም።» አውቶቡሱ ሲነቃነቅ እጄን በእጃቸው ውስጥ ይዘውት ነበር፤ ጥቂት እርምጃ አብሬ ሄድኩና ተላቀቅን።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነጋዴው መጣ። ሁለት ሽማግሌ ነጋዴዎች አብረውት ነበሩ፤ በእጁ ላስቲክ ከረጢት ይዟል። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ዓይኔን ሳያይ አለፈ። በረንዳው ላይ ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሙቀቱ ተጠያየቁ። የመጣበትን ለመናገር እንደከበደው ያስታውቅ ነበር።

«ጀናቡ» አለ በመጨረሻ፣ «ያ ጩቤ… ደንበኛዬ ሊያጸዳው ፈልጎ ለባለሙያ ሰጠው። ሰውዬው የቆየውን ቅባት ለማቅለጥ ሲያሞቀው ከእጀታው ራስ እርሳስ ፈሰሰ። ሳንጃ ነው። ደንበኛዬ መለሰልኝ። እኔ ወላሂ ላስቀይምዎት ብዬ አይደለም…»

«ስጠኝ» አሉት።

ከከረጢቱ አውጥቶ ሰጣቸው። ጣታቸውን በእጀታው ራስ ላይ አመላለሱ፤ ስንጥቁ ባዶውን ተከፍቷል፤ ጣታቸው ግን አልነገራቸውም። ያኔ ቀስ ብለው ወደ ከንፈራቸው አስጠጉት። ሦስቱም ሰዎች ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ከንፈራቸው ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ፣ ሲቆም፣ እንደገና ከዳር እስከ ዳር ሲሄድበት አየሁ።

ጩቤውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አሉ። ወደ እኔ አልዞሩም። «አርጅቻለሁ።» ከዚያ ጠሩኝ። «ከቁም ሣጥኑ ከላይኛው መደርደሪያ በቀኝ ዳር ያለውን አምጪ።»

አባታቸው ከዘመቻ ይዘውት የመጡት ጩቤ ነው። ሲያስተምሩኝ እንኳ እሱን በእጄ አስይዘውኝ የማያውቁት።

«ጀናቡ…» አልኩ።

«አምጪ።»

አመጣሁ። ነጋዴው ከመቀመጫው ተነሥቶ «ወላሂ አልወስድም፣ በነቢዩ ይሁንብዎት አልወስድም» እያለ ይምላል። «በቃሌ ገዝተህ ከስረሃል፤ በቃሌ ትካሳለህ» አሉት። ሽማግሌዎቹም ውሰድ አሉት፤ እንቢ ማለት ጀናቡን ይበልጥ ማዋረድ እንደሆነ ገብቷቸዋል። እያፈረ ወሰደ። ሲወጣም ዓይኔን አላየም።

ከዚያ በኋላ ማንም ጩቤ ይዞ አልመጣም። በኦምዱርማን «ጀናቡ ታውሯል» ተባለ። ከታወሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ሰው ያወቀው ግን ያኔ ነው።

ሦስት ቀን ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የስኳር መርፌያቸውን ወግቻቸው ጥጡን ክንዳቸው ላይ እንደያዝኩ ተናገርኩት።

«ጀናቡ፣ አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«እርሳሱን። መስቀሉንም። ቦዩንም። ሁሉንም አይቼው ነበር።»

ክንዳቸውን አልሳቡም። ግቢው ውስጥ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ቧንቧውን አልዘጋሁትም። «ከንፈሬን ለምን እንደተውኩት ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ሴትዮዋ ምንሽ ናት?»

ነገርኳቸው። ዴምን፣ ወባውን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ የጡታቸውን ሕመም፣ አገራቸው ገብተው መሞት እንደፈለጉ፣ ጩቤው እውነተኛ እንዳልሆነ እንደማያውቁ። እያለቀስኩ ስለነበር ዓረብኛዬ ጠፋብኝ፤ እየደጋገምኩ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

ስለ ጩቤው መሰለኝ። «ፊቷን ሳየው…»

«ስለ ጩቤው አይደለም። ስለ ሴትዮዋ። ለምን አልነገርሽኝም? ‹ጀናቡ፣ እናቴን የምትሆን ሴት ታማብኛለች፣ አገሯ መግባት ትፈልጋለች› ብትዪኝ ጩቤ ሳላይ እሸኛት ነበር። አራት ዓመት እዚህ ቤት ኖረሻል። ይህን አታውቂም?»

ዛሬም ሳስበው እውነቱ ይህ ነው፦ እሳቸውን መለመን ይቻላል የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም። የሰው ፊት ከእሳት ይፋጃል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። መዋሸት ከመለመን ቀለለኝ። የእሳቸውን ዓይን ለአራት ዓመት ተሸክሜ ስዞር ልባቸውን አላየሁትም።

«አትንገሪያት» አሉኝ በመጨረሻ። «ባሏ እውነተኛ ሆኖ ይቅርላት።» ከዚያ ጥጡን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ክንዳቸው ላይ ያዙት።

አላባረሩኝም። ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው አልተናገሩኝም። ደመወዜም፣ ክፍሌም፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ነገር እንድነግራቸው አልጠየቁኝም። ሐቡብ ሲመጣ በጠረኑ ያውቁና መስኮቱን ዝጊ ይሉኛል እንጂ ሰማዩ ምን ይመስላል አይሉኝም። በሩ ሲንኳኳ ማነው አይሉም፤ ገብቶ እስኪናገር ይጠብቃሉ። ከሁሉ የከበደኝ ማዕዱ ነው። ሳህኑን አቀርባለሁ፤ ፉሉ በቀኝ በኩል ነው ብዬ እጀምራለሁ፤ «ኸላስ፣ በቃ፣ አገኘዋለሁ» ይሉኛል። እጃቸው ሳህኑን ይፈልጋል፤ ወጡ ውስጥ ይገባል፤ ጀለቢያቸው ይበከላል። እኔ ቆሜ አያለሁ። ቢቲ የምትለዋንም ቃል ሳይታወቀኝ አጣኋት፤ መቼ እንደቆመች አላውቅም፤ አንድ ቀን ብቻ ከሰማኋት መክረሙ ታወቀኝ።

እትዬ በእህታቸው ስልክ አንድ ጊዜ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«ገብቻለሁ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኛል። ያ ሱዳን ምን ተወልሽ ይሉኛል። መንገዴን ተወልኝ እላቸዋለሁ።»

ጾመ ፍልሰታ ሳይገባ ሞቱ። እህታቸው ነገረችኝ። ያን ቀን ዓይኔ አብጦ ስሠራ ዋልኩ፤ ጀናቡ ግን ከድምፄ አወቁ መሰለኝ፣ ሻይ ሳቀርብላቸው «ሴትዮዋ?» አሉኝ።

«አረፈች።»

«አላህ ይርሐማ፣ ነፍሷን ይማር። አገሯ ደርሳለች?»

«ደርሳለች።»

«ኩዋይስ፣ ጥሩ» አሉ። ብርጭቆውን በዳበሳ አገኙት።

ጀናቡ ራሳቸው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በብርዱ ወራት ሞቱ። እግራቸው ላይ የወጣ ትንሽ ቁስል ነበር፤ ቀይ ሆኖ ሳየው ነገርኳቸው። «ቀላል ነው» አሉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን ለልጃቸው ደወልኩ። ሆስፒታል ሲደርሱ ጠቁሮ ነበር። እስከ ጉልበታቸው ቆረጡት፤ አልተረፉም። የመጀመሪያው ቀን ቢያምኑኝ ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅሁትም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጃቸው ጠራችኝ። ዕቃው ለወራሾች ሊከፋፈል ነው። ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት ቆመን «አባቴ ይህን ሁሉ ላንቺ ነው ያስተማረው ይላሉ፤ የትኛው አስሊ ነው?» አለችኝ። አንድ በአንድ እያወጣሁ ነገርኳት። አራቱ መድሩብ ነበሩ፤ ለማስተማሪያ ብለው ያስቀመጧቸው ናቸው። የቀሩት ንጹሕ ናቸው። ስጨርስ ከላይኛው መደርደሪያ በቀኝ ዳር ያለውን ባዶ ቦታ እያየች ነበር።

«የአያቴ ጩቤስ? ‹ለሚገባው ሰው ሰጠሁት› ነው ያለኝ። ለማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ዝም ማለት እችል ነበር። እሳቸው ሸፍነውልኝ ነው የሄዱት። ግን ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለአባቷ እንደነገርኩት፣ አሁን ዓረብኛዬ ሳይሰበር። ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም። በቶቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ስልክ ስደውልለት ስለ አንቺ ማውራት ለምን እንዳቆመ ግራ ገብቶኝ ነበር» አለችኝ። «በፊት ሌላ ወሬ አልነበረውም።»

ዕቃዬን ይዤ ወደ ዴም ተመለስኩ። በሳምንቱ ኦምዱርማን ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ፤ ጩቤውን ካገኘሁት፣ ዋጋውን መክፈሉ ዕድሜዬን ሙሉ ቢፈጅብኝም፣ ለልጅቱ ልመልስላት ነበር ሐሳቤ። ነጋዴው አወቀኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«ያን ጊዜውኑ ነው የሸጥኩት» አለኝ። «ከአገር ለሚወጣ ሰው። ሱቄ ውስጥ ሳየው ያሳፍረኝ ነበር። ሰውዬውን አላውቀውም፤ የት እንደሄደም አላውቅም።» ከዚያ ዓይኔን አየኝና «አይተሽው ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አይቼው ነበር።»

«ያን ቀን እዚያው በረንዳ ላይ ጠርጥሬያለሁ። ያንቺ ዓይን ያን የመሰለ ነገር አይስትም። ግን ሽማግሌው ስሕተቱ የእኔ ነው ካለ በኋላ በምን አፌ እናገራለሁ?»

ማታውን ለልጅቱ ደወልኩላትና ጩቤው እንደማይገኝ ነገርኳት። «ኸላስ» አለች፤ «ሄዷል።» ልዘጋው ስል «ሥራ አገኘሽ?» አለችኝ። ገና ነኝ፣ ሰው ጠይቂልኝ አልኳት። እጠይቃለሁ አለችኝ፤ ጠየቀችልኝም። በእሷ አማካይነት ባሕሪ አንዲት አሮጊት ቤት ገባሁ። አሮጊቷ ዓይናቸው ደህና ነው፤ የሚፈልጉት ምግብ የሚያበስልላቸው ሰው ብቻ ነበር።